የደራሲው ግማሽ ፂም

ፀጉር ሠሪዋ ኔዳ ደራሲውን ከወንበሩ ጋር ጠፍራ አሰረችው አሉ። የፂሙን ግራ ጎን በምላጭ ሙልጭ አድርጋ ከላጨች በኋላ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አጋድማ፣ «ያቺን ጽሑፍህን ካልሰረዝክ ቀኙን አልነካልህም፤ እንዲሁ ግማሽ ሰው ሆነህ ትኖራታለህ» አለችው አሉ። ደራሲው እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ፣ ጽሑፉን እዚያው ሰረዘ፣ ከዚያም የቀረችውን ፂሙን በመሐረብ ሸፍኖ በእግሩ እስከ ሶፊያ ሮጠ አሉ።

ይህ እንግዲህ እዚያው በቡልጋሪያዋ ጎርና ቪሽና ከተማ የሚወራው፣ ጨዋው ወሬ ነው። ከወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ ወሬው አንድ የተቆረጠ ጆሮ ጨምሯል። ፍል ውኃው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ የተላጨው ፂም ኔዳ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ እንደ አጋዘን ቀንድ ተሰቅሏል። ጥቁር ባሕር ዳር ዓሣ የሚጠብሱት ሰዎች ዘንድማ ደራሲው ከሞተ ቆይቷል፤ ሙት ዓመቱንም አውጥተውለታል።

ወሬው ይጣፍጣል፤ ክፋቱ ሲያላምጡት ድንጋይ አለው። ምላጩ ከየት መጣ? የኔዳ ቤት የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። መቀስ አለ፣ ቢጎዲን አለ፣ ሁለት ካስክ አለ፤ አንዱ ፀጉር ያደርቃል፣ ሌላው መጮህ እንጂ ማድረቅ አይችልም። ገመዱስ ለምን አስፈለገ? ኔዳ ወሬ ጀምራ ሳትጨርስ ከወንበሯ የተነሳ ሰው እስከዛሬ አልተገኘም፤ ገመዷ ምላሷ ነው። ደግሞስ ሰውየውን ለምን ትጠላዋለች? ደራሲው ክሩም ቤሎጎርስኪ ስለ ዘንዶዎችና ሰባት ራስ ስላላቸው ነገሥታት የጻፋቸውን፣ ጡብ ጡብ የሚያካክሉ መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር የጨረሰ ሰው በከተማዋ ቢኖር ኔዳ ብቻ ናት። የቀሩት ወይ አምስተኛው ገጽ ላይ ተኝተዋል ወይ መጽሐፉን የሚወዛወዝ ጠረጴዛ እግር ሥር ወትፈውታል።

ነገሩ ከፂም አልጀመረም። ከግስ ነው የጀመረው።

እኛ ያላየነውን ነገር ስናወራ ከአረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ «አሉ» እንቀጥልና ከደሙ ንጹሕ እንሆናለን። ቡልጋሪያዎች ግን «አሉ»ን እዚያው ግሱ ሆድ ውስጥ ይሰፉታል፤ ያየ ሰው በአንድ ግስ ያወራል፣ የሰማ ሰው በሌላ። አፉን የከፈተ ሁሉ ነበርኩ ወይም አልነበርኩም ማለቱ ነው። ተረት ደግሞ ምንጊዜም በሰሚው ግስ፣ በ«አሉ» ነው የሚነገረው። ይህን ሕፃን ልጅ አይስተውም።

ኔዳ ሳተችው። ገና ልጃገረድ ነበረች። በጎርና ቪሽና እንዮቭደን በሚባለው የበጋ በዓል ዋዜማ፣ ሴቶቹ የመድኃኒት ቅጠል ለቅመው አክሊል ሲጎነጉኑ፣ ሰው ሁሉ ከከተማው በላይ ባለው ምንጭ ዳር ይሰበሰብና የጫካዋን ሴት፣ የሳሞዲቫዋን ተረት ይሰማል። ተራቿ፣ ማለት ተረት ነጋሪዋ፣ የኔዳ እናት ነበሩ። በዚያ ዓመት እናትየው ጉሮሯቸው ተዘግቶ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ሲል ልጃቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጧት። ኔዳ ሕዝቡን ስታይ ግሱ ከእጇ አመለጠ፤ «ሳሞዲቫዋ ወደ ምንጩ ወረደች» አለች። በ«አሉ» አይደለም፤ ልክ ትናንት ከሳሞዲቫዋ ጋር ውኃ ቀድታ እንደተመለሰች ሴት፣ በባለ ዐይኑ ግስ።

«ኔዳ!» ብሎ ጮኸ ሥጋ ሻጩ ናይደን፤ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር። «ነበርሽ እንዴ?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ፊቱ ቀልቶ ግሱን አርሞ ይቀጥል ነበር። ኔዳ ግን ተሳስቼ ነው ከማለት ተሳስታ ብትኖር የሚሻላት ፍጥረት ናት። አገጯን ቀና አድርጋ፣ «ነበርኩ! አንተ የት ነበርክ?» አለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኔዳ «ነበረች»። እናቷ ካረፉ በኋላም ወንበሩ ለእሷ ቀረ። ተረቱን ከተማው በቃሉ ያውቀዋል፤ ሳሞዲቫ የምትባለው የጫካ ሴት በነጭ ሸሚዟ ኃይል ትበራለች፣ ምንጭ ዳር ስትታጠብ ወፍጮ ጠባቂው ሸሚዟን ይደብቅባታል፣ ያገባታል፣ ይወልዳሉ። በልጁ ክርስትና ዕለት «አንድ ጊዜ ልጨፍርበት» ብላ ሸሚዙን ትለምነዋለች፣ ይሰጣታል፣ በመስኮት ትበራለች። አለቀ። ሰው ወደ ምንጩ የሚወጣው ይህን ሊሰማ ሳይሆን ምስክሯን ሊያፋጥጥ ነው። «ሸሚዟ እስከ የት ነበር?» «ጉልበቷ ድረስ።» «ወፍጮ ጠባቂው መልከ መልካም ነበር?» «ዱቄቱ ሲራገፍ ይታያል።» «ቄሱ ምን አሉ?» «ቄሱ ጠጥተው ነበር።» ኔዳ ሳትመልስ ያለፈችው ጥያቄ የለም። መልሱ ሲያልቅባት የሚያድናት አንድ ነገር ነው፤ «ዞር ስል ነው ያመለጠኝ» ትላለች።

የቀረውን ዓመት ኔዳ ሰው የሚያያት በመስታወት ውስጥ ነው። ደንበኛዋ የራሷን ፊት እያየች ታወራለች፤ ኔዳ ከኋላ ቆማ ትጎነጉናለች፣ ትቆርጣለች፣ ትቀባለች። ለደንበኛ ሳይሸጥ የከረመ ቀለም ካለ በራሷ ፀጉር ላይ ስለምታውለው አንድ ሰሞን መዳብ፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ስም የሌለው ሐምራዊ ትሆናለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ግማሽ ሳምንት መንገድ ላይ ነው፣ ግማሹን ይተኛል። እንግዲህ ኔዳን ከተማው ሁሉ ፊት ለፊት አፍጥጦ የሚያያት በዓመት አንድ ምሽት፣ እዚያች ወንበር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህች ወንበር ኔዳ አትቀልድም።

በግንቦት መጨረሻ ፋርማሲስቷ ዝላትካ ቢጎዲን እንደተጠቀለለላት ከቦርሳዋ ጋዜጣ አወጣች።

«አንቺ፣ ያ ዘንዶ ጻፊሽ ጽሑፍ አውጥቷል። ‹ተረት ምስክር የለውም› ይላል።»

«አንብቢልኝ፣ በሞቴ» አለች ኔዳ።

ዝላትካ አነበበች። ቤሎጎርስኪ ግሩም አድርጎ ጽፎታል። አፈ ታሪክ ‹ይህ ሆነ› ብሎ ሰውን ያንበረክካል ይላል፤ ተረት ግን ‹ሆነ አሉ› ስለሚል ሰውን በነፃነት ያስቀምጠዋል፤ ማመንም አለማመንም የሰሚው ነው። ኔዳ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች፤ በቡልጋሪያ ይህ መስማማት ነው። «እንዴት ያለ ሰው ነው! ዘንዶውም ቢሆን እኮ...» ስትል ዝላትካ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደረሰች። «‹ነበርኩ፣ በዐይኔ አየሁ ብሎ ተረት የሚነግር ሰው ተረቱን ገድሎታል። ያ ሰው ምስክር እንጂ ተራች አይደለም፤ ቦታውም ፖሊስ ጣቢያ ነው።›»

መቀሱ ቆመ።

«ምን አለ?»

«ፖሊስ ጣቢያ» አለች ዝላትካ፤ በመስታወቱ ውስጥ ፊቷ ላይ ሳቋ ሲታገላት ይታያል። «አንቺን እኮ ነው፣ ኔዳ።»

«እኔን የት ያውቀኝና?»

«ባያውቅሽ ነው እንዲህ የገለጸሽ። ቢያውቅሽማ ስምሽን ይጽፈው ነበር።»

በሚቀጥሉት ሳምንታት ጋዜጣው በአንባቢ ደብዳቤ ተጥለቀለቀ። ጡረታ የወጣ ኮሎኔል «በሠራዊት ቤት ያላየሁትን ሪፖርት አድርጌ አላውቅም፤ ደራሲው ተራቾችን ትጥቅ ከማስፈታቱ በፊት ያስብበት» ብሎ ጻፈ። ከፕሎቭዲቭ አንዲት ሴት «ባሌ በ‹አየሁ› ግስ የነገረኝ ነገር ቢኖር ምሳው መቀዝቀዙን ብቻ ነው» ስትል፣ አንድ ንብ አርቢ ደግሞ ደብዳቤውን ሙሉ ስለ ንብ ጽፎ መጨረሻ ላይ «በተረፈ እስማማለሁ» አለ።

ጎርና ቪሽና ግን ደብዳቤ በመጻፍ አልተወሰነችም፤ ጽሑፉን ታመመችው። ከተማው በሙሉ ያላየውን ነገር በ«አየሁ» ግስ እንዳይናገር ፈራ፤ ቀጥሎ ያየውንም መጠርጠር ጀመረ። ባይ ናይደን፣ ማለት ጋሽ ናይደን፣ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ትኩስ ነው፣ ዛሬ የታረደ ነው አሉ!» እያለ ሲጣራ ደንበኞቹ በሩቁ ያልፉት ጀመር። ሐኪሙ ለታካሚው «ጤነኛ ነዎት አሉ» አለውና ሰውየው ከድንጋጤ የተነሣ ታመመ። የአውቶቡስ ሹፌሩ «በስምንት ሰዓት እንነሣለን ይባላል» እያለ ማንንም ሳያሳፍር ቆየ። ከንቲባው ብቻ ተጠቀመ፤ «መንገዱ ተጠግኗል አሉ» ባለ ጊዜ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ ብሎ አጨበጨበለት።

በዚህ መሐል በዓሉን የሚያዘጋጀው የከተማዋ ንባብ ቤት ሊቀመንበር መምህርት ኤቭዶኪያ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ከች አሉ። እኚህ ሴት የከተማዋን ግማሽ ሰዋስው ያስተማሩ፣ ግማሹን ደግሞ በሰዋስው የጣሉ ናቸው። ኔዳ ከወደቁት ወገን ናት።

«ኔዳ» አሉ ሳይቀመጡ። «ደራሲውን ጋብዣቸዋለሁ። ለእንዮቭደን ዋዜማ ይመጣሉ፤ ምንጩ ዳር ስለ ጽሑፋቸው ይናገራሉ። ከእሳቸው በኋላ ተረቱ አለ።»

«እሰይ! እኔም ደስ ይለኛል፣ መምህርት።»

«ቆይ አልጨረስኩም። በሰው ፊት አታዋርጂኝም። ወይ ዘንድሮ እንደ ሰው በ‹አሉ› ትነግሪያለሽ፣ ወይ ወንበሩን ለንባብ ቤታችን የባህል ቡድን ልጅ ትለቂያለሽ። ዘንድሮ ብቻ አይደለም። ለሁልጊዜ።»

ካስኩ ሥር የነበረችው ሴት አንገቷን አውጥታ አዳመጠች። ኔዳ አፏ ላይ የያዘችውን ማበጠሪያ አወጣች።

«የባህል ቡድኗ ልጅ» አለች፣ «ሳሞዲቫንና የመጽሐፍ ቅዱሷን ሶስና መለየት የማትችለው?»

«ግሷ ትክክል ነው።»

«እሺ። በ‹አሉ› ነው የምነግረው። አንዲት ‹አየሁ› ከአፌ ብትወጣ ወንበሩን ራሴ ተሸክሜ ቤቷ አደርስላታለሁ።»

መምህርት ኤቭዶኪያ እንዲህ በቀላሉ ትሸነፋለች ብለው ስላልጠበቁ በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው አሉ» አለች ኔዳ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኞቿ ሁሉ ቅጠል ለቀማ ወጥተው ዝላትካ ብቻ ቀርታ ሳለ፣ የፀጉር ቤቱ በር ተከፈተና መጀመሪያ ፂም ገባ። ከፂሙ ኋላ አንድ ወፍራም፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ተከትሎ ገባ። ፂሙ እስከ ሆዱ ይደርሳል፤ መናኸሪያ ላይ የበላው የባኒጻ፣ ማለት የአይብ ቂጣ፣ ፍርፋሪ እንደ በረዶ ሰፍሮበታል፣ ከላዩ የጠጣው እርጎ ደግሞ ከሥር ደርቋል።

«ይቅርታ» አለ ሰውየው፤ «የወንዶቹ ጸጉር አስተካካይ ለበዓሉ ዘግቷል። ፂም ትነካላችሁ?»

ኔዳ ወዲያው ነው ያወቀችው፤ ይህን ፊት በየመጽሐፉ ጀርባ ስታየው ኖራለች። «ፂምም ፀጉር ነው፣ ጌታዬ፤ ቦታ ስቶ ነው እንጂ። ይቀመጡ። ምላጭ ግን የለኝም፣ በመቀስ ነው።»

ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረችለት፤ ምናልባት ገመዱ የተወለደው ከዚህ ነው። ግራ ጎኑን እያበጠረች መከርከም ጀመረች።

«ሁሉንም አንብቤልዎታለሁ» አለችው። «የጨለማው ንጉሥ አራተኛ ራስ ሲቆረጥ ሁለት ቀን ምሳ አልበላሁም።»

ደራሲው በደስታ ቀላ። «አራተኛው ራስ! እሱን እኮ ማንም ልብ አይለውም።»

«ደጉ ራስ እሱ ነበራ። ጽሑፉንም አንብቤዋለሁ።»

«እንዴት አገኙት?»

«ሁለት አንቀጽ ወድጄልዎታለሁ። ሦስተኛው ላይ ፖሊስ ጣቢያ ላኩኝ።»

ሰውየው በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጠባት። «እርስዎ ነዎት? መምህርት ኤቭዶኪያ ‹አንድ የሰዋስው ችግር አለብን› ብለው ጽፈውልኝ ነበር።»

«ችግሩ እኔ ነኝ። ቀና ይበሉ፣ አገጭዎን እንዳልወስደው።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«በ‹አሉ› ነው የምነግርዎ። እንደ ጻፉት።»

«ተቀይመውኛል?»

«ተቀይሜዎታለሁ። የአንባቢ መብቴ ነው፤ መጽሐፍዎን ገዝቼ ነው ያነበብኩት። ቢሆንም ፂምዎን አላበላሽብዎትም፤ እሱ ሌላ ሥራ ነው።»

ግራው ጎን አልቆ፣ አምሮና ተጠጋግቶ ሲጨርስ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። መምህርት ኤቭዶኪያ ነበሩ፤ ባርኔጣቸው ወደ ኋላ ተንሸራትቷል።

«እግዚኦ! እዚህ ነዎት? ከንቲባው ቆሞ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ!»

«ግማሹ ቀርቷቸዋል፣ መምህርት» አለች ኔዳ።

«በግማሹ ይናገሩ!» ብለው ፎጣውን ገፈው ሰውየውን በክርኑ እየጎተቱ ወሰዱት።

ምንጩ ዳር ፀሐይዋ ገና ተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። ቤሎጎርስኪ ተናገረ፤ ጥሩ ተናገረ። ከግራ የተቀመጡት ሰዎች አንድ የተከበረ ፕሮፌሰር ሲያዩ፣ ከቀኝ የተቀመጡት ደግሞ ከዋሻ የወጣ መናኝ ያያሉ፤ ሕዝቡ ግን ከሁለቱም ወገን አጨበጨበለት። ከዚያ ኔዳ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፀጉሯ ዘንድሮ ብርቱካን ነበር። መምህርት ኤቭዶኪያ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው እጃቸውን አጣመሩ።

«በድሮ ዘመን አንዲት ሳሞዲቫ ነበረች አሉ» ብላ ጀመረች ኔዳ። «ወደ ምንጩ ወረደች አሉ።»

ባይ ናይደን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃት ሰዓት ስለደረሰች ደረቱን ነፋ። «ኔዳ! ነበርሽ እንዴ?»

«አልነበርኩም፣ ባይ ናይደን። ሲሉ ነው የሰማሁት።»

የሥጋ ሻጩ ደረት ተነፈሰ። ሰው ደረጃ አለ ብሎ ሲረግጥ መሬት ሲሆንበት እንደሚሆነው ሆነ።

«ሸሚዟስ ዘንድሮ እስከ የት ነው?» አለች ዝላትካ ልታግዘው።

«ርዝመቱን የነገረኝ የለም።»

«ወፍጮ ጠባቂውስ? ዱቄቱ ተራግፎለታል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ዝላትካ። ወፍጮ ጠባቂ ነበር አሉ። እዚያ ላይ ነው ያበቃው።»

ግሱ ሁሉ ልክ ነበር። እንከን አልነበረበትም። ሳሞዲቫዋ አገባች አሉ፣ ወለደች አሉ፣ ክርስትና ሆነ አሉ። ኔዳ በቀጥታ እያየች፣ ሳትኮላተፍ፣ እንደ ጥሩ ተማሪ ታወርደዋለች። ሕዝቡ ግን መጠየቅ ተወ፤ ያልነበረን ሰው ምን ብለው ይጠይቁታል? አንዱ ስልኩን አወጣ። ከኋላ አንዲት ሴት ለራት ያመጣችውን ታራቶር የሚሉትን የእርጎ ሾርባ ከፍታ ማንኪያ ማደል ጀመረች። እንቁራሪቶቹ ከተረቱ በላይ ይሰሙ ነበር። መምህርት ኤቭዶኪያ መጀመሪያ ቀጥ ብለው፣ ቀጥለው ጠመም ብለው፣ ኋላ ደግሞ እግራቸውን ማወዛወዝ ጀምረው ተቀመጡ። ኔዳ ወንበሩን ላለማጣት የምትናገረው ነገር ሁሉ ወንበሩን ባዶ እያደረገባት ነበር። ቢሆንም ቃሏን አላጠፈችም።

«ሸሚዙን ሰጣት አሉ» አለች። «በመስኮት በረረች አሉ። አለቀ አሉ።»

ማንም አላጨበጨበም። ያኔ ነው ቤሎጎርስኪ እጁን እንደ ተማሪ ያነሳው።

«ይቅርታ» አለ። «መስኮቱን ዘጋችው?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ታራቶር የሚበሉትም ማንኪያቸውን አወረዱ።

«አላውቅም» አለች ኔዳ።

«ማለቴ... ሕፃኑ ውስጥ ነው ያለው፣ መስኮቱ ተከፍቶ ከቀረ...»

«አልነበርኩም እኮ፣ ጌታዬ። መስኮት አሉ፤ ተዘጋ አላሉም።»

«አንድ ሰውማ አይቶ መሆን አለበት!»

«ኔዳ!» የሚል ድምፅ ፈነዳ። መምህርት ኤቭዶኪያ ተነሥተው ቆመዋል፤ ባርኔጣቸው ወድቋል። «ንገሪያቸው እንጂ! ምን ያንቀባርርሻል?»

«ምን ልንገራቸው፣ መምህርት? አልነበርኩም።»

«እንዴት አልነበርሽም! አምና እዚችው ተቀምጠሽ ሸሚዟ ጉልበቷ ድረስ ነው አላልሽም? ካቻምና ወፍጮው ሲቆም ሰማሁ አላልሽም? ቄሱን ሰከሩ ብለሽ ከሀገረ ስብከት አላጣላሽኝም? ነበርሽ! ይህ ሁሉ ሕዝብ ምስክር ነው! ነበርሽ!»

የሰዋስው መምህርቷ ይህን ሁሉ በባለ ዐይኑ ግስ እንደተናገሩት ያልሰማ ሰው አልነበረም። ባይ ናይደን ጭኑን መታ።

ኔዳ ቀሚሷን አስተካከለች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንግዲህ መምህርት ካሉ ነበርኩ» አለች።

ሳቁ ተራራውን ዞሮ ተመለሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወደ ደራሲው ዞረች፤ ዞር ስል አመለጠኝ ልትል ነው ብለው የጠበቁ ነበሩ። አላለችም።

«ዘጋችው» አለች በባለ ዐይኑ ግስ። «ከውጭ በኩል። ሕፃኑ እንዳይበርደው። ክርስትናው ላይ ፀጉሩን አርጥበውት ነበርና።»

ደራሲው ግማሽ ፂሙን ይዞ ቀረ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት እናት የራሷን ልጅ ጠጋ አድርጋ ሸሚዙን ቆለፈችለት።

«ታዲያ በክንፏ ነው የዘጋችው?» አለ ባይ ናይደን ድምፁን ጠርጎ፤ ዐይኑ እርጥብ ስለነበር ቶሎ መቀለድ ነበረበት።

«በክርኗ። ሳሞዲቫ ክንፍ አላት ያለህ ማነው? ሸሚዝ ነው ያላት።»

«ጫማስ?»

«ባዶ እግሯን ነበረች። የግራ ተረከዟ ላይ ዱቄት ነበረ።»

ከዚያ ወዲያ ጥያቄው እንደ ዝናብ ወረደ፤ ኔዳም መለሰች፤ ቄሱን ዘንድሮ ሁለት ጊዜ አሰከረቻቸው። ፀሐይዋ እስክትገባ ማንም አልተነሳም። ሲበተኑ መምህርት ኤቭዶኪያ ባርኔጣቸውን አራግፈው ወደ ወንበሩ መጡ።

«ወንበሩ ያንቺ ነው» አሉ። «ለሁልጊዜ። ግሱ ግን አሁንም ስህተት ነው።»

«አውቃለሁ፣ መምህርት። እርስዎ አይደሉ የጣሉኝ?»

በማግስቱ ጠዋት፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ከመነሣቱ በፊት፣ ቤሎጎርስኪ ፀጉር ቤት ተመለሰና ኔዳ ቀኙን ጎን ጨረሰችለት። ዝላትካም እዚያው ነበረች፤ ግን ቦታ ስላልነበረ የሚጮኸው ካስክ ሥር ተቀምጣ ስለነበር የሁለቱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ፣ ደራሲው ዐይኑን ሲያብስ፣ ኔዳ መቀሱን እንደያዘች ጣቷን ስትቀስርበት ታያለች እንጂ አንዲት ቃል አልሰማችም። ያልሰማችውን ደግሞ ፋርማሲ ገብታ ለራስ ምታት መድኃኒት ገዢው ሁሉ በነፃ መረቀችለት። እንግዲህ ምላጩም ገመዱም የተሠሩት እዚያ ነው።

ከወንዙ ማዶ የመጣች አንዲት ሴት ባለፈው ሳምንት ኔዳ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯ እየታጠበ፣ በስተመጨረሻ ድፍረቱን አገኘች። «ሌሊያ ኔዳ፣ እትዬ፣ ጆሮውን ቆረጥሽው የሚሉት እውነት ነው?»

ኔዳ ቧንቧውን ዘጋች፤ ፎጣ አነሣች።

«ውሸት ነው» አለች። «ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት። ሰው አላሰርኩም። ምላጭ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም። ግማሹን ያስቀሩበት መምህርት ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። ጆሮው ሁለቱም አለ። ያለቀሰው ባይ ናይደን ነው፤ ደራሲው ዐይኑ ውስጥ ፀጉር ገብቶበት ነው። በእግሩ አልሮጠም፣ በአውቶቡስ ሄደ፤ አልሞተምም፣ ትናንት ደውሏል። ጽሑፉንም አልሰረዘም። ሦስተኛውን አንቀጽ ላውጣው ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ ‹እንዳይነኩት› ያልኩት እኔ ነኝ።»